ለአርባ ሁለት ጥንድ ጫማ የኢንተርኔት ክፍያ ተቀባይ ለመምረጥ የተደረገ የቤተሰብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የካቲት 7
ቦታ፦ የጫማ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ በቆዳ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡47 ላይ ተጀመረ

የተገኙ አባላት

1. ቆራጩ፦ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ ቆዳ ቆራጭ፤ ሰብሳቢ
2. ሶል መቺው፦ የቆራጩ ታናሽ ወንድም፣ ሶል የሚገጥም፤ አባል
3. ሻጯ፦ የሁለቱ እህት፣ የፊት ለፊቱን ሱቅና የኢንተርኔቱን ገጽ የያዘች፤ አባልና ጉዳይ አቅራቢ
4. እናት፦ የሦስቱም እናት፤ አባል
5. አጎት፦ የእናት ታናሽ ወንድም፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የተገለለ፤ አባልና ጸሐፊ

ተጋብዞ የተገኘ

6. «ሲስተም»፦ የሻጯ ባል፣ የታክሲ ሹፌር፣ ሁሉን ነገር «ሲስተም ነው» እያለ ስለሚያስረዳ እንዲህ የተባለ፤ ሲገባ ድምፅ ያልነበረው

በዚህ ቃለ ጉባኤ ማንም በስሙ አልተጠራም። ይህ የጸሐፊው ውሳኔ ነው። ስም ሲጠራ ዝምድና ይታወሳል፤ ዝምድና ሲታወስ ደግሞ ሰዎች አጀንዳ ይረሳሉ። ጸሐፊው ይህን በሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት አገልግሎቱ በሚገባ አይቶታል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ

ጸሐፊው ምልዓተ ጉባኤ ማለት ግማሽ ሲደመር አንድ መሆኑን አስረዳ። የአምስት ሰው ግማሽ ሁለት ተኩል ነው፤ አንድ ሲጨመርበት ሦስት ተኩል ይሆናል። አምስቱም አባላት በቦታው ቢኖሩም ሰብሳቢው ግማሹ ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስብሰባ አልከፍትም አለ። አምስት ከሦስት ተኩል እንደሚበልጥ ሻጯ በጣቷ ቆጥራ ብታሳየውም ሰብሳቢው ጉዳዩ የብዛት ሳይሆን የሥርዓት ነው ሲል መለሰ። በዚህ ጊዜ ሲስተም ግማሹ እኔ ልሁን ሲል ጠየቀ። ተቃዋሚ ስላልነበረ ግማሽ ድምፅ ተሰጥቶት ስብሰባው ተከፈተ።

የዕለቱ አጀንዳዎች

አንድ፦ በኢንተርኔት ገጻችን ላይ የደንበኞችን ክፍያ የሚቀበልልን ድርጅት መምረጥ
ሁለት፦ ልዩ ልዩ

አጀንዳ አንድ

1.1 ሻጯ ጉዳዩን በአራት ደቂቃ አቀረበች። በሌላ ከተማ የምትገኝ የውዝዋዜ ቡድን መሪ ጫማዎቹን ኢንተርኔት ላይ አይታ አርባ ሁለት ጥንድ ማዘዟን፣ የእያንዳንዱን ተወዛዋዥ የእግር ቁጥር መላኳን፣ ክፍያውን ግን በካርድ፣ በገጹ ላይ ካልሆነ እንደማትፈጽም ገለጸች። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ማታ 12 ሰዓት የመክፈያ ሊንክ ካልደረሳት ወደ ሌላ ጫማ ቤት እንደምትሄድም ጽፋለች። አባት ከሞቱ ወዲህ፣ ማለትም በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ይህን የሚያህል ትእዛዝ ወደዚህ ቤት እንዳልመጣ ሻጯ አስታወሰች። ይህ ካመለጠ ከመጪው ወር ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ ለሁለት ወንድ የሚሆን ሥራ እንደማይኖር ልትናገር ስትል ሰብሳቢው ይህ አጀንዳ አይደለም ብሎ አቋረጣት።

1.2 ሻጯ ሦስት ድርጅቶችን አጥንታ መጥታለች። አድልዎ እንዳይኖር ጸሐፊው የድርጅቶቹን ስም ሰርዞ በፊደል ተካቸው። ድርጅት ሀ በየወሩ ምንም አይጠይቅም፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ከመቶ ሦስት ይወስዳል፤ ገንዘቡን በሰባተኛው ቀን ባንክ ያስገባል፤ ምዝገባው በዚያው ቀን ያልቃል። ድርጅት ለ ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ ከሽያጩ የሚወስደው ያነሰ ነው፤ ምዝገባው ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ድርጅት ሐ የሲስተም ጓደኛ የሚሠራበት አዲስ ድርጅት ነው፤ ሦስት ወር በነጻ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚያስከፍል ለጓደኛውም ገና አልተነገረውም።

ሻጯ ጊዜ ስለሌለ ሀ ይመረጥ አለች። ሰዓቱ 8፡58 ነበር። ስብሰባው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል እንደነበር ለታሪክ ተመዝግቧል።

1.3 ሰብሳቢው በድርጅት ሀ ላይ ጥያቄ አለኝ አለ። ጥያቄው «ሰባቱን ቀን ገንዘቡ የት ነው የሚያድረው?» የሚል ነበር። ሻጯ ድርጅቱ ዘንድ ነው አለች። ሰብሳቢው ድርጅቱ የት ነው አለ። ሻጯ ኢንተርኔት ላይ ነው አለች። ሰብሳቢው ኢንተርኔት ላይ ያለው ገጹ ነው፣ እኔ የምጠይቀው በሩን ነው፣ ነገ ብንጣላ የማንን በር ነው የምደበድበው ሲል ጠየቀ። ሶል መቺው ታላቅ ወንድሙ የማንንም በር ደብድቦ እንደማያውቅ፣ የቆዳ ነጋዴው የተበላሸ ቆዳ የላከ ጊዜ እንኳ ሄዶ የተሟገተው እሱ ራሱ እንደነበር በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ጠየቀ። ተይዟል። ሰብሳቢው ያ ቆዳ ያን ያህል አልተበላሸም ነበር ሲል ይያዝልኝ አለ። ይህም ተይዟል።

ሲስተም ገንዘቡ ያለው ሲስተም ውስጥ ነው ሲል ማብራሪያ ሰጠ። ሲስተሙስ የት ነው ተባለ። ሲስተም የትም ነው አለ። ሰብሳቢው የትም ያለ ነገር የትም የለም አለ። ከሠላሳ አንድ ደቂቃ ውይይት በኋላ ገንዘቡ የሚያድርበትን ቦታ አጣርቶ ሪፖርት የሚያቀርብ ሁለት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። አባላቱ ሰብሳቢውና ሶል መቺው ናቸው። ሁለቱ በዚያ ሰዓት እየተነጋገሩ ስላልነበር ንዑስ ኮሚቴው ሥራ አልጀመረም።

1.4 ቀጥሎ ሰብሳቢው ደንበኛው የሚከራከረው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀ። ሻጯ በኢንተርኔት ክርክር እንደሌለ፣ ዋጋው ተጽፎ እንደሚቀመጥ፣ ሰው ወይ እንደሚከፍል ወይ እንደሚሄድ አስረዳች። ሰብሳቢው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በተነገረው ዋጋ ጫማ ሲገዛ እንዳላየ፣ የሚገዛ ካለም ጤንነቱ እንደሚያጠራጥረው ገለጸ። በመሆኑም ገጹ ላይ «ቀንሱልኝ» የሚል ቁልፍ እንዲገጠም የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ደንበኛው ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲጫን «ኧረ አያዋጣንም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሁለተኛ ሲጫን «ቆዳው ስንት እንደገባ ቢያውቁ እንዲህ አይሉም» ይላል። ገጹን ጥሎ ሊወጣ ሲል «ይምጡ እንጂ፣ የት ይሄዳሉ!» ይለዋል። ሲመለስና ሦስተኛ ሲጫን ዋጋው ይቀንስና «ላንተ ስል ነው፣ ለማንም እንዳትናገር» የሚል ይመጣል።

ሻጯ ያሁኗ ደንበኛ ሴት መሆኗን አስታወሰች። «ላንቺ ስል ነው» ይባል ተባለ። ወንድ ቢመጣስ ተባለ። ሲስተም «ለእርስዎ ስል ነው» ቢባል ሁለቱንም ይሸፍናል አለ። ሶል መቺው እርስዎ የተባለ ሰው ዋጋ ቀንሱልኝ ለማለት ያፍራል፣ አክብሮቱ ሽያጩን ያበላሸዋል ሲል ተቃወመ። ሰብሳቢው ይህ ጥሩ ነጥብ ነው አለ። ወዲያው ደግሞ ነጥቡን ያነሳው ማን እንደሆነ ሲያስተውል ጥሩ ነጥብ አይደለም ብሎ አረመ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቁልፉ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ሻጯ ተቃውማለች። ቁልፉን እንድትሠራ የተመደበችውም እሷው ናት።

1.5 9፡58 ላይ ወደ ድምፅ አሰጣጥ ተገባ። እዚህ ላይ የጸሐፊው ጥፋት በራሱ በጸሐፊው ይመዘገባል። ድርጅቶቹን በመዝገብ ቤት ልማድ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መሰየሙ በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። ሀ እና ሐ በአፍ ሲጠሩ አንድ መሆናቸውን ያስተዋለው ግን ሰብሳቢው «ሐ» ብሎ እጁን ካወጣ፣ ሶል መቺውም «ሀ» ብሎ እጁን ካወጣ በኋላ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች መስማማታቸው ክፍሉን አስደነገጠ። ጸሐፊው የትኛው ሀ ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው «ሐ ነዋ!» አለ። ሶል መቺው «እኔም ያንኑ ነው ያልኩት» አለ። ጸሐፊው ሃሌታው ነው ወይስ ሐመሩ ብሎ በትሕትና ሲጠይቅ ሰብሳቢው ሦስት ድርጅት አይበቃም ወይ፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከየት የመጡ ናቸው ሲል ተቆጣ።

ድምፁ በጽሑፍ እንዲሰጥ ተደረገ። ለሲስተም ግማሽ ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቶቹ ሲገለጡ ሁለቱ «ሃ» የሚሉ ሆኑ፤ ይህ በሰነዱ ላይ የሌለ ፊደል ነው። አንዱ «ኃ» ይላል፤ ይህም የለም። የእናት ወረቀት «የትኛውም ይሁን፣ ቶሎ በሉ» ይላል። በመጨረሻ ሁሉም በጣቱ ወረቀቱ ላይ እንዲያመለክት ተደርጎ ሀ በሦስት ተኩል ድምፅ ተመረጠ። ሰብሳቢው ለሐ ቆሟል፤ እናት ቶሎ በሉ ባሉት ጸንተዋል። ሲስተም ግማሽ ድምፁን ለጓደኛው ድርጅት ነፍጎ ለሀ ሰጥቷል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ጓደኛውን ስለሚያውቀው መሆኑን ገለጸ።

አጀንዳ ሳይሆን የገባ ጉዳይ

10፡20 ላይ ሻጯ ስልኳን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጣ የድርጅት ሀን ቅጽ መሙላት ጀመረች። የንግዱ ዓይነት፦ ጫማ። አድራሻ፦ ተሞላ። ስልክ፦ ተሞላ። አራተኛው መስመር «የንግዱ ባለቤት ሙሉ ስም» ይላል።

ሻጯ ጣቷን ከስልኩ ላይ አነሳች። እንድታነሳ ሐሳብ ያቀረበ አባል አልነበረም፤ የተቃወመም የለም።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን፦ አባት ከሞቱ ጀምሮ ቤቱ የማን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም። ልጆቹ ከቀብሩ በሳምንቱ ሱቁን ከፈቱ፤ አንዱ ቆረጠ፣ አንዱ ገጠመ፣ አንዷ ሸጠች። ጥያቄውን ያነሳ ሰው ቤቱን የሚያፈርስ ስለመሰላቸው ሁሉም ዝም አለ። ጥያቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው ይህ ስልክ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ንግግር በፍጥነቱ ምክንያት ወደ ጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሊመለስ ስላልቻለ እንደተነገረ ሰፍሯል።

ሰብሳቢው፦ «የኔን ጻፊዋ። ምኑ ያስቸግራል?»

ሶል መቺው፦ «ለምን ያንተ ይሆናል?»

ሰብሳቢው፦ «ታላቅ ነኛ!»

ሶል መቺው፦ «ታላቅነት ሥራ ነው እንዴ? ጋሼ፣ አንተ የቆረጥከውን እኔ ካልገጠምኩት እኮ ጫማ አይባልም።»

ሰብሳቢው፦ «እኔ ካልቆረጥኩ ምኑን ነው የምትገጥመው?»

ሻጯ፦ «እኔ ካልሸጥኩትስ? ሁለታችሁ ተራ በተራ ትጫሙታላችሁ?»

ሶል መቺው፦ «ሦስት ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን እንኳ ምን ይመስልሃል ብለኸኝ ታውቃለህ? አንድ ቀን!»

ሰብሳቢው፦ «ምን ብዬ ልጠይቅህ? ሶል ሶል ነው።»

እዚህ ላይ ሶል መቺው ከሽርጡ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ ከአንድ ትልቅ የጫማ ፋብሪካ የተጻፈ የቅጥር ደብዳቤ ሲሆን ከመጪው ወር መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ እንዲጀምር ይጠይቃል። ጸሐፊው ቀኑና ቁጥሩ የተሟላ፣ ማኅተሙም የሚነበብ መሆኑን አረጋግጧል። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንደሚገባው አላወቀም።

ሰብሳቢው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «መቼ ልትነግረን ነበር?» አለ።

ሶል መቺው፦ «ልዩ ልዩ ላይ።»

ስብሰባው ለዐሥር ደቂቃ እንዲቋረጥ ሐሳብ ቀረበ። ማንም ከወንበሩ ስላልተነሳ ተቀባይነት አላገኘም።

ሻጯ በባለቤቱ ቦታ «ቤተሰቡ» ብላ ሞከረች። ስልኩ በቀይ ጽሑፍ ስሙ ከመታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት አለ። ሲስተም «ቤተሰቡ» የሚባል ሰው ፈልገን ለምን አናገኝም ሲል ጠየቀ። ሐሳቡ ደጋፊ አላገኘም። ሰብሳቢው «የአባባን ጻፊው» አለ። ሻጯ ፊትም ይጠይቃል እኮ ጋሼ፣ ካሜራው ፊት መቅረብ አለበት አለችው።

እናት እስከዚያ ሰዓት ድረስ ባለቁ ጫማዎች ላይ ማሰሪያ ያስገቡ ነበር። ጫማውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

እናት፦ «እሱን ተዉት። ሠላሳ አራት ዓመት ሠራ፤ አሁን ደግሞ ለኢንተርኔት ልታስነሱት ነው?»

ወደ ድምፅ ተገባ። ቆራጩ ለራሱ፣ ሶል መቺው ለራሱ፣ ሻጯ ለራሷ ሰጡ። ጸሐፊው የሁሉም አጎት በመሆኑ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ሲስተም ግማሽ ድምፁን ለሚስቱ ሲሰጥ ሻጯ በአንድ ተኩል መራች። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድነት ተነሥተው ግማሹ ድምፅ የተሰጠው ስብሰባ ለመክፈት እንጂ ቤት ለመውረስ አይደለም ሲሉ ጮኹ። በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የተስማሙት በዚህ ነው። ግማሹ ድምፅ ተነሥቶ ውጤቱ አንድ ለአንድ ለአንድ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ወደ እናት ዞሩ።

እናት፦ «ከሦስታችሁ አንዱን ምረጪ ነው የምትሉኝ?»

ሰብሳቢው፦ «እንደሱ አላልንም እማዬ።»

እናት፦ «ብላችኋል እንጂ። ዓይናችሁን እያየሁት አይደል? እሺ፣ መርጫለሁ። የኔን ጻፉት።»

ሰብሳቢው ድምፅ ይሰጥበት አለ። እናት የምን ድምፅ ሲሉ ጠየቁ። ድምፅ አልተሰጠበትም።

ልጆቹ ግን እርስ በርስ ዋስትና ስለፈለጉ ሁለት ውሳኔዎች በአንድ ትንፋሽ ተላለፉ። አንደኛ፣ እናት ባለቤት የሚሆኑት ቅጹ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ባለ ዐሥራ ሁለት ምልክት የሆነው የይለፍ ቃል በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ልጅ አራት አራቱን ያስገባል፤ አንዱ ሲያስገባ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ይህ ተፈጸመ። ቅጹ «የይለፍ ቃሉን ይድገሙት» ሲል ሦስቱም በድጋሚ ተራ በተራ ዞሩ፤ በመካከሉ ሰብሳቢው የራሱን አራት ምልክት ረሳ። እንደገና ተጀመረ። በአራተኛው ዙር ተሳካ። ጊዜው 11፡09 ሆኗል።

የፊት ማረጋገጫን በተመለከተ

ስልኩ የንግዱን ባለቤት ፊት ለማየት ጠየቀ። እናት ሻሻቸውን አስተካክለው ስልኩ ፊት ተቀመጡ። ስልኩ ወደ ግራ ይዙሩ አለ፤ ዞሩ። ወደ ቀኝ ይዙሩ አለ፤ ዞሩ። ዓይንዎን ይጨፍኑ አለ፤ ጨፈኑ። ቀጥሎ «ፈገግ ይበሉ» አለ።

እናት፦ «ማን ስለሆነ ነው ፈገግ በይ የሚለኝ?»

ሻጯ ማሽን ነው እማዬ፣ ሕያው ሰው መሆንሽን ሊያረጋግጥ ነው አለቻቸው። እናት ሕያው መሆኔን ማወቅ ከፈለገ ልቆጣው እችላለሁ ሲሉ መለሱ። ከንፈራቸውን ወደ ጎን ለመሳብ ሞከሩ። ስልኩ «አልተሳካም፤ አራት ሙከራ ይቀርዎታል» አለ። ዳግም ሞከሩ። ሦስት ቀራቸው። ከአምስት ሙከራ በኋላ በሩ እስከ ነገ እንደሚዘጋ፣ ነገ ደግሞ የውዝዋዜ ቡድን መሪዋ ሌላ ጫማ ቤት እንደምትሆን ሻጯ ለሁሉም አስታወሰች።

ሰብሳቢው እናቱን ለማሳቅ ቀልድ ነገረ። ቀልዱ እንደማያስቅ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሁለት ሙከራ ቀረ። ሶል መቺው ልጅ ሳለ ያደርገው እንደነበረው ጆሮውን አንቀሳቀሰ። እናት «ምነው፣ አመመህ?» አሉት። አንድ ሙከራ ቀረ።

ብርሃኑ ነው፣ ብርሃኑ አንሷል፣ ሲስተሙ ፊታቸውን አላየውም፣ አለ ሲስተም። መብራቱን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ከፍ አድርጎ ያዘና የተሻለ ማዕዘን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄደ፤ ወደ ኋላ እየሄደም በሶል መቺው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አግዳሚው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ማስቲሽ ተቀብተው ሊገጠሙ የተዘጋጁ ሁለት ሶሎች ነበሩ። ማስቲሽ አንዴ ከያዘ እንደማይለቅ ሥራውን የማያውቅም ሰው ያውቃል። ሲስተም ሲነሳ ሶሎቹም አብረውት ተነሡ፤ በመቀመጫው ላይ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ በኩል፣ ቁጥር 41።

ሶል መቺው «አትንቀሳቀስ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ስለ ሱሪው የተጨነቀ መስሎት ነበር። እሱ ግን አማቹን በትከሻው ይዞ አዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ሶሎቹን መረመረና «ሁለቱም የቀኝ ናቸው» አለ በከባድ ሐዘን። «ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ቀኝ ነው የቀባሁት።» ሰብሳቢው ሊያላቅቀው አንዱን ሶል ያዘ፣ ሶል መቺው ሌላኛውን ያዘ፣ ሲስተም መብራቱን እንደያዘ መሐል ቆመ። ሰብሳቢው «በአንድ ላይ ሳብ» አለ። ወንድሙም «እሺ ጋሼ» አለ። በአንድ ላይ ሳቡ። የሱሪው የኋላ ክፍል ከሶሎቹ ጋር ሄደ።

እናት ሳቁ።

ስልኩ «ጠቅ» አለና «እናመሰግናለን» አለ። እናት ግን አላቆሙም። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር፣ እጃቸው ጉልበታቸውን እስኪመታ ሳቁ። ሲስተም በቆዳ ቁራጭ ኋላውን ሸፍኖ ሲቆም እንደገና ጀመሩ። ጸሐፊው የእህቱን ሳቅ አባት ከተቀበሩበት ቀን ወዲህ ሰምቶ አያውቅም። ይህን የሚጽፈው አጀንዳ ስለሆነ አይደለም፤ የሆነ ነገር መጻፍ ስላለበት ነው።

11፡38 ላይ ምዝገባው መጽደቁን የሚገልጽ መልእክት መጣ። ሻጯ ሊንኩን ለቡድን መሪዋ ላከች። 11፡49 ላይ ክፍያው መግባቱን የሚያሳውቅ አጭር ድምፅ ከስልኩ ተሰማ። ድምፁን ሁሉም ሰምቶት ሳለ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ እንዲደገምለት ጠየቀ። ስልኩ የሚደግም ዓይነት አልነበረም።

አጀንዳ ሁለት፦ ልዩ ልዩ

2.1 ሶል መቺው የቅጥር ደብዳቤውን ጉዳይ በሥርዓቱ አቀርባለሁ ብሎ እጁን አወጣ። ሰብሳቢው ፈቀደለት። ሶል መቺው ተነሣ፤ ሽርጡን አስተካከለ፤ ተቀመጠ። ሰብሳቢው የእግር ቁጥሮቹን ዝርዝር ወደሱ እየገፋ፦ «እነዚህ የሚወዛወዙ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ተራ ሰው አይረግጡም። ሶሉን ስስ እናድርገው ወይስ… ምን ይመስልሃል?» አለ።

ሶል መቺው ለዐሥራ አንድ ደቂቃ መለሰ። ስስ ቆዳ ከፊት፣ ተረከዙ ሥር ደግሞ አንድ ድርብ፣ መሐሉ የሚተጣጠፍ። ሰብሳቢው አንድም ጊዜ አላቋረጠውም። ሶል መቺው ቅርጹን ለማሳየት በአቅራቢያው ያገኘው ወረቀት የፋብሪካው ደብዳቤ ስለነበር ሶሉን በደብዳቤው ጀርባ ላይ ሣለው። ሰብሳቢው ቅርጹን ለመቁረጥ ይረዳኛል ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። የሚመልስለት አይመስልም፤ የጠየቀውም የለም።

2.2 እናት ለሻጯ፦ «አሁን እዚያ ላይ ባለቤት የሚለው እኔን ነው?» አሉ። ሻጯ ከስልኩ አነበበችላቸው። ሙሉ ስማቸው፣ ከነአባታቸውና ከነአያታቸው፣ አንድም ፊደል ሳይሳሳት ተጽፏል። እናት እንደገና አስነበቧት። ከዚያ ለጸሐፊው «ጻፍ» አሉት።

በንግዱ ባለቤት ቃል የተላለፈ ውሳኔ

«ቀንሱልኝ» የሚባለው ቁልፍ አይገጠምም፤ ዋጋው አንድ ነው። ገንዘቡ የት እንደሚያድር የሚያጣራው ንዑስ ኮሚቴ ተነሥቷል፤ ሁለቱ አባላት ራሳቸው የት እንደሚያድሩ ካወቁ ይበቃል። የይለፍ ቃሉ አይከፈልም፤ ሻጯ ትይዘዋለች፣ ብትረሳው ራሷ ታስታውሳለች። ባለቤትነቱ ቅጹ ላይ ብቻ ነው የተባለው ተሽሯል። ግማሽ ድምፅ ተሽሯል፤ ለሲስተም ሙሉ ሱሪ ይገዛለታል። በጠቅላላው ከድርጅት ሀ ምርጫ በቀር ከ8፡47 ጀምሮ የተወሰነው ነገር ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ይህ የቤተሰብ ኮሚቴም ፈርሷል። ሥራ አለ።

ሰብሳቢው ይህ የሚሻረው በምን ሥልጣን እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። እናት አዩት። አፉ ተዘግቷል።

ስብሰባው 12፡14 ላይ ተጠናቀቀ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አንብቦ ለማስፈረም ቢዘጋጅም ቆራጩ ቆዳ ሊዘረጋ፣ ሶል መቺው ማስቲሽ ሊቀባ፣ ሻጯ ለደንበኛዋ ደውላ የርክክብ ቀን ልትነግራት ሄደዋል፤ ሲስተም ከግድግዳው መራቅ አልቻለም። ኮሚቴው ከፈረሰ ጀምሮ ጸሐፊ የሚባል ሰው በዚህ ቤት የለም። የቀድሞው ጸሐፊ እህቱ ባዘዘችው መሠረት አርባ ሁለት የጫማ ካርቶን ለማጣጠፍ መሬት ላይ ተቀምጧል። ይህን የመጨረሻ መስመር የጻፈው ያለ ሥልጣን፣ ስድስተኛውን ካርቶን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው፤ በመሆኑም ፊርማ የለውም።